መዝገቡ ላይ የወባ ታካሚ በዛ፤ ታዲያ ቅስቀሳው ሠራ ወይስ ከሸፈ?

ጥያቄ፦ «በምዕራብ ጎጃም በአንድ ቆላማ ወረዳ የጤና ትምህርትና ተግባቦት ባለሙያ ነኝ። ከመስከረም እስከ ኅዳር በስድስት ቀበሌዎች ‹ትኩሳት ከጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ› የሚል ቅስቀሳ አካሄድን። በገበያ ቀን በሞንታርቦ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕድር፣ በትምህርት ቤት የፀረ ወባ ክበብ እና በበራሪ ወረቀት ሠርተናል። አሁን የውጤት ሪፖርት ተጠየቅን። በጤና ኬላዎቹ መዝገብ የወባ ታካሚ ካምናው በዝቷል። ኃላፊዬ ‹ወባው ጨምሮ ምን ልታሳዩ ነው?› ይላሉ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹የበዛው እኮ ሰው ሰምቶን ስለመጣ ነው› ትላለች። ከቅስቀሳው በፊት የሰበሰብነው መረጃ የለም። ማን ነው ልክ? እንዴትስ ልገምግመው?»

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእጅዎ ባለው ቁጥር ግን አንዳቸውም ሌላውን አይረቱም። መዝገብ ላይ የሰፈረው ሰው ወባ ከያዛቸው ሁሉ መካከል መንገዱን የቻለ፣ ጤና ኬላውን ክፍት ያገኘ፣ የመመርመሪያ ኪት ያልጠፋበትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስሙን የጻፈችለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ቁጥሩ አብሮ ይለወጣል።

ስለዚህ ነገ ቢሮ ሲገቡ የታከመውን ትተው የተመረመረውን ይፈልጉ። ወረዳዎ ለወረርሽኝ ቅኝት በየሳምንቱ በሚልከው ሪፖርት ላይ በትኩሳት መጥቶ የተመረመረው ሰው ብዛት፣ ከዚያ ውስጥ ወባ የተገኘበት፣ በሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ በፋልሲፓረምና በቫይቫክስ፣ ተለይቶ አለ። ለምሳሌ ያህል (ቁጥሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት) አምና በጥቅምት አንድ ሳምንት 300 ሰው ተመርምሮ በ90ው ወባ ተገኘ እንበል፤ ከመቶ 30 ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳምንት 600 ተመርምሮ በ150ው ከተገኘ ከመቶ 25 ይሆናል። ታካሚው በዝቷል፤ ግን የመጣው ሰው እጥፍ ስለሆነ ነው፤ ባልደረባዎ ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። 350 ተመርምሮ በ175ቱ ቢገኝ ግን ግማሽ ለግማሽ ነውና የበረታው ወባው ራሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ኪት ባለቀባቸው ሳምንታት የሚመረመረው የባሰበት ብቻ ስለሚሆን መቶኛው ያለ አግባብ ከፍ ይላል። እነዚያን ሳምንታት ምልክት አድርገው ለይተው ይያዟቸው።

ካምናው ጋር ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል። ወባ ማንም ሳይቀሰቅስለት የሚወጣ የሚወርድ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ሰው እንደገደለ የሚገመተው ወረርሽኝ ወባ ብዙም በማይታወቅባቸው ከፍታዎች ላይ ጭምር ነው የወረደው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ጎርፍ መካከል የእርስዎ ስድስት ቀበሌዎች ብቻቸውን እንዲቀንሱ መጠበቅ አይገባም። የእርስዎ ቅስቀሳ ስለ አጎበርና ስለ ኬሚካል ርጭት አልነበረም፤ ሕክምና ቶሎ ስለማግኘት ነበር። ስለዚህ ኃላፊዎ የጠየቁት ጥያቄ ለሌላ ሥራ የሚሆን ጥያቄ ነው። ይህን በትሕትና ሊነግሯቸው ይገባል።

ታዲያ ምን ይቆጠር? የእኔ ምክር ሰው ከመቁጠር ይልቅ ትኩሳትን መቁጠር ነው። አንዷን ትኩሳት ብርድ ብርድ ካለበት ሰዓት ጀምሮ የመጨረሻዋ ክኒን እስከምትዋጥ ድረስ ይከተሏት። ታማሚው ወይም እናቱ «ይህ ወባ ሊሆን ይችላል» ብለው አሰቡ? በስንተኛው ሰዓት ተነሡ? ሲደርሱ ተመረመሩ? ትክክለኛውን መድኃኒት አገኙ? ጨረሱት? ቅስቀሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻዋን ሊነካ ይችላል። የመካከሎቹ የመጋዘንና የባለሙያ ጉዳዮች ናቸው። ትኩሳቷ የት ቦታ ላይ እንደቆመች ካላወቁ ቅስቀሳውን ባልሠራው ሥራ ያመሰግኑታል፣ ባላጠፋው ጥፋትም ይወቅሱታል።

አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በብር ሸለቆ ዳርቻ ካለች አንዲት ጎጥ ከአንድ ወጣት መረጃ ሰብሳቢ ጋር የድኅረ ቅስቀሳ መጠይቅ ልንሞላ ገባን። እናትየው ቡና እየቆሉ ነበር። «ወባ ሲይዝ ምን ማድረግ ይገባል?» አላቸው። «በ24 ሰዓት ጤና ኬላ መሄድ።» «መድኃኒቱስ?» «ሳያቋርጡ መጨረስ።» ልጁ ሁለቱንም ትክክል ብሎ ምልክት አደረገና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። «እትዬ፣ ባለፈው ልጅዎ የወሰደው መድኃኒት ማሸጊያው ካለ ቢያሳዩን?» አልኳቸው። ብድግ ብለው ምሰሶው ላይ ከተንጠለጠለች አገልግል ውስጥ አወጡልን። የትንሽ ልጅ ኮአርተም ነው፤ ስድስት ፍሬ፣ ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን የሚዋጥ። አራቱ ቦታ ባዶ ነው፤ ሁለቱ ፍሬ እንዳለ አለ። «በሁለተኛው ቀን ተነሥቶ ከጥጆቹ ጋር ወጣ። ለታናሹ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፤ እሱንም አይቀርለት» አሉን።

እኚህ እናት ቸልተኛ አልነበሩም፤ አርቀው አስበዋል። ቅስቀሳው «ጨርሱ» አላቸው እንጂ «ታናሹ ሲያመው ለእሱ አዲስ በነፃ ይሰጠዋል፤ የተረፈው ለእሱም አይበቃው፣ ታላቁም ሳይድን ይቀራል» አላላቸውም። በመጠይቁ ሙሉ ነጥብ አገኙ፤ በማሸጊያው ግን አራት ከስድስት። ከዚያ ወዲህ «መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» የሚል ጥያቄ ያለ ማሸጊያ ቆጠራ ባገኝ አላምነውም። ማሸጊያው ከተጣለም «አሳይተው» እና «በቃላቸው ብቻ» የሚል ዓምድ ይኑረው፤ ሁለቱን አይቀላቅሏቸው።

ይህን ካነሣሁ አይቀር «ሦስት ቀን» የሚለውን መልእክት ይመርምሩት። ለፋልሲፓረም ኮአርተም ለሦስት ቀን ነው። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመለስ ከክሎሮኪኑ ሌላ ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን ይሰጣል። በሞንታርቦ «የሦስት ቀኑን መድኃኒት ጨርሱ» ብላችሁ ከሆነ የቫይቫክስ ታማሚው በአራተኛው ቀን ፕሪማኩዊኑን ሲያቆም እናንተን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በተለያየ ሰንጠረዥ ያስቀምጧቸው።

አሁን ወደ መጠይቁ ቋንቋ ልምጣ፤ ብዙ ግምገማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይባልም። ከፀሐይ የገባ ሰው ራሱን ከፈለጠው፣ ከንፈሩ ላይ ካቆሰለው ምች ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅለታል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሚሞክርም አለ። ሌሊቱን አንቀጥቅጦት በማግስቱ ሲደግመው ነው ወባ ወይም ንዳድ የሚባለው። ስለዚህ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ወባ የያዘው ሰው አለ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት አስቀድሞ የተመረመረውን ነው። ሁሉም ሕክምና አግኝቷል፤ ውጤቱ ያምራል፤ ከንቱ ነው። የቀረው፣ በምች ስም ሦስት ቀን የተኛው፣ ከመጠይቁ ውጭ ነው። «ሰውነቱ የጋለ፣ ብርድ ብርድ ያለው ሰው አለ?» ብለው ይጀምሩ፤ ስሙን ኋላ ይጠይቁ። «መጀመሪያ ምን መሰላችሁ?» የምትለዋ ጥያቄ ከመጠይቁ ሁሉ ትበልጥብኛለች። ቅስቀሳ ከሠራ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፦ «ምች መስሎን» የሚለው መልስ ይቀንሳል፣ ወይም «ምችም ቢሆን ለማንኛውም ይታይ ብለን» የሚል ይመጣል።

የ24 ሰዓቱም ነገር ቀላል አይደለም። በገጠር ሕመም በሰዓት አይጀምርም፤ «ከብት ሲገባ»፣ «ዶሮ ሲጮህ» ነው የሚጀምረው። «በስንት ሰዓት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቅስቀሳው ያስተማረውን ቁጥር መልሶ ይሰማል፦ «በ24 ሰዓት!» በዓላቱን ይጠቀሙባቸው። ያመመው ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ? ማርያም ዕለት ሜዳ ወጥቶ ነበር? ኅዳር ሲታጠን ተኝቶ ነበር? ጤና ኬላ የሄዳችሁት በገበያው ቀን ነው? ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ ካገኙ በኋላ ልዩነቱን እርስዎ ያስሉ። ታማሚው አያስላ። እሑድ የተጀመረ ትኩሳት ሰኞ ጠዋት መድረሱ የቤተሰቡ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ የጤና ኬላው በር ሊሆን ይችላል።

«ቅስቀሳውን ሰምተዋል?» ለሚለውም እንዲሁ። እንግዳ ቤት ገብቶ በትሕትና ሲጠይቅ የጎጃም ሰው «አልሰማሁም» ብሎ ማሳፈር አይወድም። ለዚህ አንዲት ዘዴ አለች፦ ከእውነተኞቹ መልእክቶች መካከል ፈጽሞ ያልነበረ አንድ ያስገቡ። እኔ «ቀይ ጀሪካን ያለበትን ፖስተር አይተዋል?» እል ነበር፤ እንዲህ ያለ ፖስተር አልነበረም። «አዎ» የሚለው ሰው ብዛት የይሉኝታው ልክ ነው። «ሞንታርቦውን ሰምቻለሁ» ያለው መቶኛ ከዚያ ብዙም ካልበለጠ የደረሰው ድምፅ ጥቂት ነው። ከዚያ «ምን ምን አለ?» ብለው በራሳቸው ቃል ያስነግሯቸው።

አንድ የምወዳት የጎን ወሬ አለች። የእውቀት ጥያቄ ላይ «ወባ የሚመጣው የበቆሎ እሸት ወይም አገዳ ከመብላት ነው» የሚል መልስ ሁልጊዜ «ስሕተት» ተብሎ ይመዘገባል። እርግጥ ነው፣ ወባ በመብላት አይያዝም። ነገር ግን በቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባው የበረታ መሆኑን አሳይቷል፤ የወባ ትንኝ እጭ ውኃ ላይ የወደቀውን የበቆሎ አበባ ዱቄት ስትመገብ ፈጥና ትጎለምሳለች። ገበሬው በቆሎው ሲያብብና ወባው ሲነሣ አንድ ላይ አይቷል፤ ያየው ልክ ነው፣ ምክንያቱን ነው የሳተው። እንዲህ ያለውን ሰው «አላዋቂ» በሚል ዓምድ የሚከት መጠይቅ ከሰውየው ጋር መነጋገሪያ መንገዱን ራሱ ይዘጋል። የእውቀት ነጥብ ከፍ ማለት በራሱ ውጤት አለመሆኑንም ከእናትየው አገልግል አይተናል።

ንጽጽር። ያለ ንጽጽር ቀበሌ ከቅስቀሳ በኋላ ያለው ቁጥር ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ ቅስቀሳ ባለባቸው ቀበሌዎች በ24 ሰዓት ሕክምና ያገኘው ትኩሳት ከመቶ 30 ወደ 52 ከፍ ቢል 22 ነጥብ ነው፤ ደስ ይላል። ቅስቀሳ በሌለባቸው ጎረቤት ቀበሌዎች ከ28 ወደ 41 ከፍ ካለ ግን 13 ነጥቡ ያለ እርስዎ የመጣ ነው፦ ወረርሽኙ አስፈርቶት፣ ወይም ኮአርተሙ በሰዓቱ ገብቶ። የቅስቀሳው ድርሻ ቢበዛ 9 ነጥብ ነው። 9 ትንሽ አይደለም፤ 22 ብሎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

ንጽጽር ቀበሌ ሲመርጡ ካርታ ሳይሆን ገበያ ይመልከቱ። ሞንታርቦው የተጮኸበትን ገበያ የሚገበያይ ቀበሌ በሌላ ወረዳም ቢሆን ሰምቷል። ንግሥም እንዲሁ ነው። ከፍታው፣ መስኖ ያለው የሌለው መሆኑ፣ ከጤና ኬላ ያለው ርቀት ይመሳሰል። እንደ ቆጋ ያለ መስኖ ውኃ ዓመቱን ሙሉ የሚያቆይበትን ቀበሌ ዝናብን ብቻ ከሚጠብቅ ቀበሌ ጋር ማወዳደር አይሆንም። አገልግሎት ወደ ጎጥ ወርዶ ከሆነም ይጻፍ፤ በ2001 ዓ.ም. በክልሉ የተጀመረውን የማልትራ (የወባና የትራኮማ) ሳምንት የሚያስታውሱ ባለሙያዎች ምርመራና መድኃኒት መንደር ድረስ ሲመጣ ሰው እንዴት እንደሚወጣ ያውቃሉ። በዚያ ጊዜ የሚታየውን ጭማሪ ለሞንታርቦ መስጠት አይቻልም።

ስለ ናሙና ብዙ አልልም፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ከመቶ 40 ወደ 55 ያለ ለውጥ በተለመደው ስሌት ለማሳየት በየወገኑ 170 ያህል ያስፈልጋል፤ የአንድ ጎጥ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ እጥፍ አድርገን 340 እንበል። ይህ 340 ትኩሳት ነው፤ 340 ቤት አይደለም። ከሦስት ቤት በአንዱ ብቻ ትኩሳት ካለ ከ1,000 ቤት በላይ ሊያንኳኩ ነው። በፊትና በኋላውን ከንጽጽር ቀበሌ ጋር አብረው ካሰቡ በየወገኑ የሚፈለገው ከዚያም ይበዛል። የሰሊጥ ሠራተኛውም አለ፦ ለመተማና ለሑመራ አጨዳ ወርዶ ትኩሳት ይዞ የሚመለሰው ጎልማሳ ቤት ለቤት ሲኬድ አይገኝም፤ ከመናኸሪያና ከጤና ጣቢያ መዝገብ ካልተፈለገ የሚደመደመው በሴትና በሕፃን ብቻ ይሆናል።

የመድኃኒት ክምችቱን ሳያዩ ግን ምንም አይደምድሙ። የእያንዳንዱን ጤና ኬላ ቢን ካርድ (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ) ያውጡና ኮአርተም፣ ክሎሮኪን፣ ፕሪማኩዊንና ኪት ያልነበረባቸውን ቀኖች ይቁጠሩ። መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታትም አብረው ያስገቡ። ከዚያ ትኩሳቶቹን ለሁለት ይክፈሉ፦ መድኃኒት በነበረበትና ባልነበረበት ቀን የጀመሩ። ቅስቀሳ ሰምታ ልጅ አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታ «አልቋል፣ ከተማ ግዙ» የተባለች እናት በሚቀጥለው ትኩሳት ዳማከሴዋን ብትቀጥፍ አልፈርድባትም። እንዲህ ባለ ቀበሌ ቅስቀሳው የጎዳ ሊሆን ይችላል፤ ግምገማዎ ይህን ለማየት ዓይን ካልኖረው ግማሽ ነው።

ጾምም አለ። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው፤ ለዚህ ነው በራሪ ወረቀት ላይ የወተት ኩባያ የሚሳለው። የወባው ወቅት ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ከነቢያት ጾም ጋር ይገናኛል። ወተቱን ያየ ጾመኛ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፣ ወይም ለማታ ያቆየዋል። ኑግና ተልባ ወይም ዘይት ያለበት የጾም ወጥ ይሠራል ብሎ የነገረው ከሌለ ምን ያድርግ? «ከምን ጋር ዋጡት?» የምትል ጥያቄ ያስገቡ። መልሱን ለቀጣዩ በራሪ ወረቀት ይጠቀሙበት፤ ቄሱም የጾም ነገር ሲሆን ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ።

አሁን የያዝዎት ሪፖርት። በፊት የተሰበሰበ መረጃ ስለሌለ «ቅስቀሳው ይህን ያህል ለወጠ» አይጻፉ። «አምና ትኩሳት ይዞዎት ስንት ቀን ቆዩ?» ብለው በማስታወስ የተሠራ መነሻም አይፍጠሩ፤ ማንም አያስታውስም። በሐቀኝነት ሊያቀርቡ የሚችሉት የስድስቱን ቀበሌዎችና የሌሎቹን ሳምንታዊ የተመረመረና የተገኘበት ቁጥር ነው። ቢያንስ የሁለት ዓመት ሳምንታትን ደርድረው ቅስቀሳው የተጀመረበትን፣ ኪት ያለቀበትን፣ ርጭት የተካሄደበትን ሳምንት መስመር ያስምሩ። በስድስቱ ቀበሌዎች የተመርማሪው ቁጥር በመስከረም ከሌሎቹ ተለይቶ ከፍ ካለ ያ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ፍንጭ ብለው ይጻፉት። በዚያ ላይ ሠላሳ ያህል ትኩሳቶችን ከላይ እንዳልኩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተሉና የት የት እንደቆሙ ይተርኩ። ለመቶኛ አይበቃም፤ ለኃላፊዎ ግን ከመቶኛው ይልቅ ይገባቸዋል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በትኩሳት ለመጣ ሁሉ በመዝገቡ ኅዳግ ላይ «ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን» ብለው በእርሳስ ይጻፉ። ገንዘብ አያስወጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሌለዎትን መነሻ ይሰጥዎታል።

ቅስቀሳውን ወደ አዳዲስ ቀበሌዎች ካሰፋችሁት ሁሉንም ባንድ ቀን አትጀምሩ። ግማሹ በግንቦት መጀመሪያ፣ ግማሹ በመስከረም ይሁን። በግንቦትና በሰኔው ወቅት ተራቸው ያልደረሰው ለደረሰው ንጽጽር ይሆናሉ፤ ማንም አልተከለከለም። ማን ይቅደም የሚለውን በዕጣ ይለዩ፤ ዕጣውንም የቀበሌ ሊቀመንበሮቹ ባሉበት ከባርኔጣ ውስጥ ያውጡት። በቢሮ ከተመረጠ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣው መኪና የሚገባበት ቀበሌ ነው።